ማሽላው ሲደርቅ የሚመጣ ካሜራ

ከቆቦ ወደ አላማጣ የምትሄዱ ከሆነ ዋጃን ታልፋላችሁ። መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው። ማሽላው ባፈራበት ወቅት ከሄዳችሁ፣ ማማ ላይ የቆመ ልጅ ወንጭፉን እያጮኸ ወፍ ሲጠብቅ ታያላችሁ። ገበሬው ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሳውን የሚያጠጣበት አገር ነው። ይህ ብልሃት በራሱ አንድ ፊልም ይወጣዋል። ግን ካሜራ ወደዚህ አገር የሚመጣው ማሽላው ሲደርቅ ነው።

በ1966 ዓ.ም. መጣ። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ጥቅምት 8 ቀን ለአገሩ ሕዝብ አሳየ። መንግሥት ሸፋፍኖ የያዘውን ዓለም አወቀው፤ እርዳታም መጣ። ውለታው አይካድም። ያው ፊልም ግን አዲስ አበባ ሲደርስ ሌላ ሥራ ተሰጠው። ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ምሽት፣ ከንጉሡ ግብዣና ሥጋ ከሚሰጣቸው ውሾቻቸው ምስል ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አስተላለፈው። በማግስቱ ጃንሆይ ወረዱ። የወሎ ረሃብ ንጉሥ አወረደ እንላለን። ፊልሙ ውስጥ የሚታዩት ሰዎች ግን ያን ምሽት ከተመልካቾቹ መካከል አልነበሩም፤ ቴሌቪዥን የከተሜ ዕቃ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ኮረም። ከዋጃ ሩቅ አይደለም፤ አላማጣ ደርሶ የግራካሱን ጠመዝማዛ መውጣት ነው። ኬንያዊው መሐመድ አሚን ቀረጸ፣ ማይክል ቡርክ ተናገረ፣ ቢቢሲ ጥቅምት 13 ቀን አሳየ። ጋዜጠኛው ያየውን ረሃብ «መጽሐፍ ቅዱሳዊ» አለው። ሰውየው በቅንነት ነው የተናገረው። የማለዳ ብርድ፣ ጋቢ የተከናነበ ሕዝብ… ለአውሮፓ ዓይን ከሰንበት ትምህርት ቤት ሥዕል የወጣ ይመስላል። ችግሩ ቃሉ ሰዉን ከዘመኑ አውጥቶ ዘመነ ብሉይ ውስጥ ማስቀመጡ ነው። ዘመነ ብሉይ ላይ ደርግ የለም፤ ትግራይንና ሰሜን ወሎን የሚያምስ ጦርነት የለም፤ ከወር በፊት አሥረኛ የአብዮት በዓሉን በድል አጥቢያ ድግስ ያከበረ መንግሥት የለም። ከሰማይ የወረደ መዓት ብቻ ነው ያለው። የወሎ ሙስሊምም እዚያው ጋቢው ውስጥ ጠፋ። በሰርግና በለቅሶ ከክርስቲያኑ ጎን የሚቀመጠው ሰው፣ ለሩቅ ተመልካች የሥዕሉ አካል ሆኖ ቀረ።

ያን ዜና ያየው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ጓደኞቹን ሰብስቦ አንድ ዘፈን አወጣ። የዘፈኑ ርዕስ ይጠይቃል፦ ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ? እንግዲህ ይህ ጥያቄ የቀረበው ለማን እንደሆነ ልብ በሉ። ከዚህ ሜዳ በስተምዕራብ ያለውን ተራራ ተሻግሮ ላሊበላ አለ፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ቀን ቤዛ ኩሉ የሚባልበት። አገሩ ክርስትናን የተቀበለው በኢዛና ዘመን፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የራያ ባላገር ጥያቄውን ቢሰማ ኖሮ «የትኛውን ገና? የእናንተን ነው የእኛን?» ይል ነበር ብዬ እገምታለሁ። ገንዘቡ ነፍስ አድኗል። ሰው እንዲሰጥ ግን ተቀባዩ ምንም የማያውቅ መሆን ነበረበት፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ። ዘፈኑ በ2017 ዓ.ም. አርባኛ ዓመቱ ሲከበር እንደገና ወጥቷል።

ፈረንጅ ማማት ቀላል ነው። እኛስ? ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የአማርኛ ፊልም እንደ አሸን ሲፈላ ባላገሩ በብዙዎቹ ውስጥ ምን ነበር? ዱላውን ይዞ ፎቅ ላይ ያፈጥጣል፤ በአነጋገሩ እንስቃለን። ቄሱ መስቀል ያሳልማሉ፣ ይወጣሉ። ጠበል ቦታ ከተሄደ የሚጮህ ሰው አለ ማለት ነው። ካሜራው አዲስ አበቤ ቢሆንም መንገደኛነቱን አልተወም።

ከዚህ ለየት ያለው ኃይሌ ገሪማ ነው። «ምርት፦ ሦስት ሺህ ዓመት» የተሠራው ንጉሡ በወረዱበት ሰሞን ነው፤ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ያደክማል። ገበሬው ያርሳል፣ ባለርስቱ ተቀምጦ ይጮህበታል፤ እንደገና ያርሳል። መድከማችሁ የፊልሙ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «ጤዛ» ደግሞ ወደ እምነቱ ይገባል። ጀርመን የተማረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል፤ ለደዌው ጠበል ይወሰዳል። ፊልሙ እናቱን አይስቅባትም፣ ጠበሉንም የተአምር ማስታወቂያ አያደርገውም። ያው አማኝ መንደር ልጇን የገደለችውን አዛኑን ያገልላል፤ የአንበርብር እናት ግን ቤቷ አስጠግታታለች። እንዲህ ያለ ባላገር ጨካኝም አዛኝም መሆን ይችላል። አልቅሱልኝ አይል፣ ሳቁብኝ አይል።

«ጤዛ» ግን የጣና ዳር መንደር ነው። የራያን ሜዳ በዚያ ዓይን ያየ ፊልም እኔ አልገጠመኝም። ልጁ ማማው ላይ ነው፤ የወንጭፉን ድምፅ ከመኪናው መስኮት ሰምተን እናልፋለን።