«የማን ልጅ ነው?» ከአማላጅ እስከ ስልክ፣ የትዳር ፍለጋ ታሪክ



ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ አባት የልጃቸውን ስልክ ይዘው እዚህ ኩታበር ወዳለው መስጂዳችን መጡ። ስልኩ ላይ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ወጣት መኪና ተደግፎ ቆሟል። ልጁ ያለው ሪያድ ነው። ከልጃቸው ጋር ስምንት ወር በቴሌግራምና በኢሞ ሲያወሩ ከቆዩ በኋላ «ኒካሕ በወኪል ይታሰርልን» ብሏል። ኢማማችን ፎቶውን ትንሽ አዩና ስልኩን መልሰው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «የማን ልጅ ነው?» አባትየው ዝም አሉ። ልጅቷ የሚወደውን ምግብ፣ የሚያዳምጠውን መንዙማ፣ ስንት ልጅ መውለድ እንደሚፈልግ ሳይቀር ታውቃለች። የማን ልጅ እንደሆነ ግን ጠይቃው አታውቅም።

ይህ ጥያቄ ለብዙዎቻችን ዘር ቆጠራ ይመስለናል። እኔም ደረሳ እያለሁ እንደዚያ ነበር የማስበው። አንዳንዴም እውነት ነው፣ ዘር ቆጠራ ነበር። ነገር ግን ታላላቆቻችን በጥያቄው የሚፈልጉት ሌላም ነገር ነበር፤ ይህን ሰው የሚያውቅ ሰው ማግኘት።

በእናቶቻችን ዘመን ሽማግሌ ሲላክ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። «እንመካከር» ይባልና ቀን ይቆረጣል። ሥራው የሚሠራው በዚያ መሃል ነው። የልጅቷ አክስት በልጁ ሰፈር ዘመድ ትፈልጋለች፣ ቡና ላይ ወሬ ይነሳል፣ አባት ገበያ ላይ ከልጁ ጎረቤት ጋር ይገናኛል። ልጁ ለእናቱ እንዴት ነው? የተበደረውን ይመልሳል? ሲቆጣ ምን ያደርጋል? ይህን ሁሉ የሚመልሰው ልጁ ራሱ አይደለም። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ስለ ራሱ እንዲመሰክር የሚጠየቅ ሰው አልነበረም።

ዲናችን ውስጥም የዚህ መሠረት አለ። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ) ከፍቺ በኋላ ዒዳዋን ስትጨርስ ሙዓዊያና አቡ ጀህም ጠየቋት። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄዳ አማከረቻቸው። እሳቸውም አንደኛው ገንዘብ የሌለው ድሃ እንደሆነ፣ ሌላኛው ደግሞ ዱላውን ከትከሻው እንደማያወርድ ነገሯት። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን እንድታገባም መከሯት። መጀመሪያ ጠላችው። እሷ የቁረይሽ ሴት ናት፣ እሱ ደግሞ የቀድሞ ባሪያ ልጅ ነው። በኋላ ግን አገባችውና በትዳሯ ሌሎች የሚቀኑባት ሆነች። ኢማሙ ነወዊ ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ቦታዎች ሲዘረዝሩ ለትዳር የተጠየቀ ሰው የሚሰጠውን ምክር ከነዚያ ውስጥ አስገብተዋል። ዛሬ ስለ አንድ ልጅ ሲጠየቅ «ሰው አላማም» ብሎ ዝም የሚል ወዳጅ ካለ ይህን ይወቅ።

ዑመር (ረ.ዐ) ዘንድ አንድ ሰው ለምስክርነት ቀረበ። «አላውቅህም፣ የሚያውቅህን አምጣ» አሉት። አንድ ሌላ ሰው «እኔ አውቀዋለሁ፣ ታማኝ ነው» አለ። ዑመርም ጠየቁት፤ መውጫ መግቢያውን የምታይ የቅርብ ጎረቤቱ ነህ? በዲናርና በዲርሃም ተገበያይታችኋል? አብራችሁ መንገድ ሄዳችኋል? ለሦስቱም መልሱ አይደለም ነበር። በአንዳንድ ዘገባ ላይ ምናልባት መስጂድ ውስጥ ሲሰግድ አይተኸው ይሆናል ብለውታል። (ይቺ ሁልጊዜ ለምንሰግድ ሰዎች ትንሽ ትነካለች።) ጎረቤትነት፣ ገንዘብ፣ መንገድ፤ ሦስቱም በጽሑፍ መልእክት የሚታዩ አይደሉም።

የድሮውን ግን አላስውብም። ያ ሁሉ ማጣራት ብዙ ጊዜ የተደረገው ሁለቱን ልጆች ሳይጨምር ነው። ሙሽራዋ ባሏን የምታየው በሠርጉ ቀን የሆነባቸው ቤቶች ብዙ ነበሩ፣ ከነዚያም ብዙዎቹ ሙሽሮች ሕፃናት ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኸንሳእ ቢንት ኺዛም ሳትፈልግ አባቷ ስለዳራት ኒካሑን አፍርሰውላታል። ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ ሴት ሊያጭ ሲልም ሂድና እያት፣ ፍቅራችሁ እንዲዘልቅ ይረዳል ብለውታል። ይህ ሁሉ እየተቀራ እኛ ጋ ልጅቷ ሳትጠየቅ ትሰጥ ነበር። ኩፉእነትም፣ ማለት የሁለቱ ተመጣጣኝነት፣ የሴቲቱና የወሊይዋ መብት ሆኖ በፊቅህ ተቀምጦ ሳለ፣ ወድደው ሊተዉትም የሚችሉት ሆኖ ሳለ፣ እኛ ሸማኔን፣ ቀጥቃጭንና ሸክላ ሠሪን መናቂያ አደረግነው። ሕጉም የተለወጠው በዝግታ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ይበቃል ይል ነበር። ለሁለቱም 18 ያደረገው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው። ስለዚህ አንዲት የዛሬ ልጅ ስልኳን ይዛ ራሴ ልምረጥ ብትል የምትሸሸው ነገር እውነተኛ ነው።

ከዚያ ስደት መጣ። ከወሎ ወደ ዐረብ አገር የሚሄደው ሲበዛ ትዳር ፈላጊውና የሚያውቁት ሰዎች ተለያዩ። መጀመሪያ ፎቶና ደብዳቤ በሰው እጅ ይላክ ነበር፣ ድምፁን በካሴት ቀድቶ የሚልክም ነበር። ካሴቱን የሚያመጣው ግን አብሮት የሚኖር የአገር ልጅ ነው። ቡና እየጠጣ «እንዴት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፣ ያየውን ይናገራል። ስልክ ሲመጣ ይህ መልእክተኛ ቀረ። ከኅዳር 2006 ጀምሮ ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከሰፈራችን አንድ ባልና ሚስት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተያዩ። ኒካሓቸው ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬም አብረው ናቸው። እሷ ግን የመጀመሪያዎቹ ወራት እንግዳ ቤቷ እንደገባ ይመስላት እንደነበር ለባለቤቴ ነግራታለች።

የሰው ምስክርነትን በማሽን መተካት የተጀመረው ደግሞ ወዲያ ማዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የሃርቫርድ ተማሪዎች ሰው በ3 ዶላር መጠይቅ እየሞላ ኮምፒውተር የሚመስለውን እንዲያገናኘው አደረጉ። በዚያው ሰሞን ኢሌን ዋልስተርና ባልደረቦቿ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 752 አዲስ ተማሪዎችን «ኮምፒውተር አጋር መርጦላችኋል» ብለው ለጭፈራ ምሽት ጠሩ። እውነቱ ግን የተጣመሩት እንደ ዕጣ ነበር፣ ወንዱ ከሴቷ እንዳያጥር ብቻ ተጠንቅቀዋል። በ1966 የታተመው ውጤት እንደሚለው፣ ማን እንደገና መገናኘት እንደሚፈልግ በግልጽ ያመለከተው መልክ ነው። የጠባይ መለኪያውም የትምህርት ውጤቱም አልጠቀሙም። ፕሮፋይል ፎቶ ለምን በፊልተር እንደሚታጠብ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ትልቅ ንግድ ሆነ። ለሙስሊሞችም እ.ኤ.አ. በ2000 እንግሊዝ አገር ሲንግል ሙስሊም የተባለው ድረ ገጽ ተከፈተ፣ በ2015 ደግሞ ዛሬ ሙዝ የሚባለው ሙዝማች መጣ። እነዚህን የሚጠቀሙ ወንድሞችና እህቶች ኒያቸው ሐላል ነውና አላንቋሽሽም፣ ሰው የሚገናኝበት በር መብዛቱም መልካም ነው። ነገር ግን «ይመጥንሃል» የሚለው ቃል ሲመረመር ባዶ ሆኖ ተገኘ። ኢላይ ፊንክልና ባልደረቦቹ በ2012 የነበረውን ጥናት ሁሉ ገምግመው፣ የድረ ገጾቹ ስሌት ከሌላው መንገድ የተሻለ ጥንድ እንደሚያገኝ የሚያሳምን ማስረጃ አላገኙም። በ2017 ሳማንታ ጆኤልና ባልደረቦቿ ሰዎች ከመገናኘታቸው በፊት ስለ ራሳቸው የመለሱትን ከ100 በላይ ነገር ለኮምፒውተር ሰጡት። ማን ማንን ለይቶ እንደሚወድ ሊተነብይ አልቻለም። በ2020 ደግሞ ከ11 ሺህ በላይ ጥንዶችን መረጃ ሲያዩ፣ የሰውየው ጠባይና ታሪክ ብቻውን ከሚናገረው ይልቅ በመካከላቸው ያለው ነገር በለጠ፤ አጋሬ ከልቡ አለ ብሎ ማመን፣ መመሰጋገን፣ ጠባቸው። ዑመር የጠየቁት ሦስት ጥያቄ በኔ ግምት ይህንኑ ነው፤ ሰው ከሌላ ሰው ጋር ሲሆን እንዴት ነው?

ስምንት ወር የተወራበት ፍቅር ለምን ያን ያህል ይጠነክራል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጆሴፍ ዋልተር የተባለ ተመራማሪ በ1996 እንደጻፈው፣ በጽሑፍ ስንነጋገር የምንልከውን አሳምረን እንመርጣለን፣ የጎደለውን ደግሞ ተቀባዩ በምኞቱ ይሞላዋል። ዝምታን ሳይቀር በመልካም እንተረጉማለን። እኛ አገር ለዚህ የሚያመች ሰበብም አለ፣ ኔትወርክ። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲጠፋ፣ በሩቅ የታጩ ብዙ ልጆች ሌሊት ሌሊት ስልካቸውን እያዩ አደሩ። የእጮኛውን አጎት ወይም ጎረቤት የምታውቅ ልጅ ሰው ልካ ደህንነቱን ሰማች። ስልክ ቁጥር ብቻ የነበራት መደበኛ ጥሪው አልመልስ ሲላት ቁጭ ብላ ከመጠበቅ በቀር ምንም አልነበራትም።

ወደዚያ አባት ልመለስ። ልጁ የአባቱን ስም ሲጠየቅ አልተቆጣም፣ ወዲያው ጽፎ ላከ። ደሴ ሰኞ ገበያ እህል የሚነግድ አጎት እንዳለው ታወቀና አባትየውና እኔ ሄድን። አጎቱ ሻይ አስመጡልንና እንዲህ አሉ፤ «ልጁ እናቱን ጧሪ ነው። ገንዘብ ላይ አማና አለው። አንድ ነገር አለበት፤ ሲቆጣ ሳምንት ሙሉ አያናግርም፣ እኔንም አድርጎኛል።»

ማታ አባትየው ይህንኑ ለልጃቸው ነገሯት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «ሦስት ጊዜ ጠፍቶብኝ ነበር» አለች። «ኔትወርክ ነው ይለኝ ነበር።»

ኒካሑ አልታሰረም፣ አልፈረሰምም። እሷው ራሷ ደውላ ጠይቃዋለች፣ እሱም አምኗል። ለዒድ ሲመጣ አባቷ ባሉበት ቁጭ ብለው እንዲነጋገሩ ቀን ተቆርጧል።