ሁለት የኢንተርኔት መስመር እያለ ግንኙነት ለምን ይቋረጣል?

በባሌ ደጋማ ወረዳዎች ስንዴና ገብስ በሚሰበሰብበት ሰሞን በሮቤና በጎባ ያሉ የእህል መጋዘኖች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የግብዓት መሸጫዎች ያለ ኢንተርኔት መዋል እየከበዳቸው መጥቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመሩ ወዲህ ክፍያን በስልክ መፈጸም ተለምዷል። ግንኙነቱ ሲቋረጥ እህሉን አስመዝኖ የጨረሰ አርሶ አደር ገንዘቡን ሳይዝ ደጅ ይጠናል።

በዚህ ምክንያት አንዳንድ ድርጅቶች ሁለት መስመር ያስገባሉ፤ ለዘወትር ሥራ ፋይበር፣ ለክፉ ቀን ደግሞ በሲም ካርድ የሚሠራ 4ጂ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ በኋላ ሽፋኑ በደረሰባቸው ከተሞች ሁለተኛውን መስመር ከሌላ ኩባንያ መውሰድም ተችሏል። ይሁን እንጂ ዋናው መስመር ሲሞት ተጠባባቂው ሳይነሣ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ራውተሩ እንዴት እንደሚወስን ማወቅ ይበጃል። ራውተር መድረሻውን በስም ለማያውቀው መረጃ ሁሉ አንድ መውጫ ይይዛል፤ ባለሙያዎች ዲፎልት ሩት ይሉታል። ሁለት መስመር ሲኖር ሁለት መውጫዎች ይመዘገባሉ፣ ለእያንዳንዳቸውም የቅድሚያ ቁጥር ይሰጣል። ትንሹ ቁጥር ይቀድማል። ፋይበሩ 1፣ ሲም ካርዱ 2 ቢሆን ሁለተኛው ሥራ የሚጀምረው ራውተሩ የመጀመሪያው መሞቱን ሲያውቅ ብቻ ነው። የማያውቅበት ጊዜ ግን አለ።

የመስኖ ቦይን እናስብ። ማሳው ዳር ያለው ቦይ አልተናደም፣ በሩም ክፍት ነው፤ ውኃው ግን ከላይ ከጠለፋው ደርቋል። በሩን ብቻ የሚያይ ሰው ቦዩ ደህና ነው ይላል። ራውተሩም እንዲሁ ነው። ፋይበሩ ከከተማ ውጭ በቁፋሮ ቢበጠስ እንኳ በራውተሩና በፋይበሩ ሳጥን መካከል ያለችው አጭር ገመድ እንደተሰካች ናት፤ መብራቷም አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ራውተሩ መረጃውን ወደ ሞተው መስመር መላኩን ይቀጥላል።

መፍትሔው ራውተሩ ከደጃፉ አልፎ ሩቅ ያለ አድራሻን በየጥቂት ሰከንዱ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው፤ ለምሳሌ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1። አንዱ አድራሻ በራሱ ችግር ዝም ሊል ስለሚችል ሁለቱን መጠቀም ይሻላል። እዚህ ላይ ልምድ ያላቸውም የሚሳሳቱበት ነገር አለ። መጠይቁ በዋናው መስመር ብቻ እንዲወጣ ካልታሰረ፣ ራውተሩ ወደ ተጠባባቂው ከዞረ በኋላ ያንኑ አድራሻ በተጠባባቂው በኩል ያገኘዋል። ዋናው ተመለሰ ብሎ ወደ ሞተው መስመር ይዞራል፤ መልስ ሲያጣ እንደገና ወደ ተጠባባቂው ይሄዳል። ግንኙነቱ በየደቂቃው መጥቶ የሚሄድ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። በማይክሮቲክ ራውተሮች ያለው ተራ የጌትዌይ ፍተሻም የሚጠይቀው ቀጣዩን መሣሪያ ብቻ ስለሆነ ሩቅ ያለ ብልሽትን አያይም።

ራውተሩ በትክክል ዞሮም ድረ ገጽ አልከፈት ሊል ይችላል። 8.8.8.8ን በፒንግ ስትጠይቁ መልስ እየመጣ ገጹ በስሙ ካልተከፈተ ችግሩ ዲኤንኤስ ላይ ነው። የአንድ ኩባንያ ስም ፈቺ አገልጋይ ከሌላ ኩባንያ መስመር ለሚመጣ ጥያቄ ላይመልስ ስለሚችል በሁለቱም መስመር የሚደረስበትን መመዝገብ ይገባል። ሁለቱ ሞደሞች እንደ 192.168.1.1 ያለ አንድ ዓይነት አድራሻ ይዘው ከተገኙም ራውተሩ ሊለያቸው አይችልም፤ የአንዱን መቀየር በቂ ነው።

ለገንዘብ ያዦች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መስመሩ ሲቀየር ድርጅቱ ወደ ውጭ የሚታይበት አድራሻም ስለሚቀየር ተጀምሮ የነበረ ክፍያ መሃል ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። ገንዘቡ ግን ሄዶ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ከመላክ በፊት የሒሳብ መግለጫውን መመልከት ግድ ነው፤ ሁለት ጊዜ የተከፈለን የስንዴ ዋጋ ማስመለስ ቀላል አይደለም።

ሁለት ኩባንያ ማለት ሁልጊዜ ሁለት የተለያየ መንገድ ማለት አይደለም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከኢትዮ ቴሌኮም መሠረተ ልማት ስለሚከራይ በአንድ አካባቢ ሁለቱም በአንድ ማማ ሊያገለግሉ ይችላሉ፤ ስትዋዋሉ ጠይቁ። ሁለቱም ሞደሞች በአንድ የኤሌክትሪክ ሶኬት ከተሰኩ ደግሞ መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ለእነርሱና ለራውተሩ የሚሆን አነስተኛ የባትሪ መጠባበቂያ ከሦስተኛ መስመር ይልቅ ይጠቅማል።

ሙከራው ከአጨዳ በፊት፣ ገበያ በሌለበት ቀን ቢደረግ ይመረጣል። አጭሯን ገመድ መንቀል ብቻ አያሳይም፤ ራውተሩ ያንን ወዲያው ያውቃልና። ከውጭ የሚገባው ፋይበር ራሱ ከሳጥኑ መነቀል አለበት፤ ጫፉን በጣት መንካትም ሆነ በዓይን ማየት አይገባም፣ የማይታየው ብርሃን ዓይን ሊጎዳ ይችላልና። ከዚያ ተጠባባቂው በስንት ሰከንድ እንደተነሣ መመዝገብና ፋይበሩ ሲመለስ ሥራው ወደ ቦታው መመለሱን ማረጋገጥ ነው። የሲም ካርዱ ጥቅል ቀኑ ያላለፈበት መሆኑም አብሮ ይታይ።