የቆሎ ተማሪውና ፒያኖው

ቢቸናና ሞጣ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ይቺን አንብቧት እስቲ።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ብቻቸውን ፒያኖ ሲጫወቱ የሰማ ፈረንጅ «ጃዝ ነው» ይላል። አይፈረድበትም፤ ዜማው እዚያው ሲፈጠር የሚሰማ ይመስላል። ሥሩ ግን ሌላ ነው።

የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ በ1916 አዲስ አበባ ተወለዱ። ስዊዘርላንድ ተማሩ፣ ጣሊያን አሲናራ ደሴት አሰራቸው፣ ካይሮ ሙዚቃ አጠኑ፣ ከዚያ ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ። ለእኔ ግን ዋናው ጎንደር ነው። እዚያ የያሬድን ዜማ ሲማሩ፣ ለምነው የሚበሉ፣ ደጅ የሚያድሩ የዜማ ተማሪዎችን በየቀኑ ያዩ ነበር። የሚሰጡት ገንዘብ የላቸውም፤ ፒያኖ ግን ይችላሉ። በሙዚቃዬ እረዳቸዋለሁ ብለው ቆረጡ። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ወጣ።

ኪት ጃሬት እ.ኤ.አ. በ1975 ኮሎኝ ላይ ያለ ኖታ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲጫወት ዓለም ጉድ አለ። እኛ ዘንድ እኮ ትናንት የተዘረፈ ቅኔ ዛሬ አይደገምም! ቢቸና አጠገብ ያለውን ዲማ ጊዮርጊስን የሚያውቅ ይህ አይገርመውም።

እማሆይ መጋቢት 2015 ኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው አረፉ። የ«ኢትዮጲክስ» 21ኛው ቅጽ ሙሉውን የእሳቸው ነው፤ ማታ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ክፈቱት።