ምላጭና ሣጥኑ

የድሮ ምላጭ ሰብሳቢ አዲስ ዕቃ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያየው ስለቱን ሳይሆን ስለቱን ከእጀታው የሚያገናኘውን የብረት አንገት ነው። የሠሪውና የከተማው ስም፣ አንዳንዴም የነጋሹ ዘውድ የሚታተመው እዚያ ላይ ነው። በእጀታው ውስጥ የሚታጠፈው ይህ ረጅም ምላጭ ዛሬ በየሱቁ ከሚሸጠው ስስ ምላጭ በፊት የነበረ ሲሆን፣ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥሩው ከእንግሊዟ ሼፊልድ ይወጣ ነበር።

ሼፊልድን ለዚህ ያበቃት ብረቷ ነው። ሰዓት ሠሪው ቤንጃሚን ሀንትስማን ለሰዓት ሞላ የሚሆን አስተማማኝ ብረት በማጣቱ በ1740ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ የቀሩት ዓመታትም እንዲሁ) አረብ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ፈጽሞ የማቅለጥ ዘዴ አገኘ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የሆነው ይህ ብረት ስለት ይይዛል። የከተማው ስለት ሠሪዎች ግን መጀመሪያ «እጅግ ጠነከረብን» ብለው እንደገፉትና ፈረንሳዮች ገዝተው ሲሠሩበት ባዩ ጊዜ እንደተመለሱ ይነገራል።

የምላጩን ዕድሜ ለመገመት ማኅተሙ ይረዳል። የንግሥት ቪክቶሪያ ምልክት ከ1837 እስከ 1901 ያለውን ዘመን ያመለክታል። «እንግሊዝ» የሚል ቃል የታተመበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ1890 ወዲህ ነው፤ በዚያ ዓመት የወጣው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት አዘዘ። ማኅተም ሁሉ ግን አይታመንም። ማይክል ፋራዴይና ጄምስ ስቶዳርት በ1820ዎቹ መባቻ አረብ ብረትን ከጥቂት ብር ጋር ሲቀላቅሉ ብረቱ የሚቀበለው ከ500 አንድ እጅ ያህል ብቻ መሆኑን አዩ። ከዚያ በኋላ «የብር ብረት» የሚለው ጽሑፍ ብር ባልነካቸው ምላጮች ላይ ሳይቀር ይታተም ጀመር። ቅርጹም ይናገራል፤ የጥንቶቹ እንደ ሽብልቅ ወፍራም ናቸው፣ የኋለኞቹ ጎናቸው ተሰርጉዶ የሳሳ ነው። በዚህኛው ሙያ የጀርመኗ ዞሊንገን ሼፊልድን በለጠች።

ስብስብን የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ አሮጌነት ሳይሆን ማስቀመጫው ነው። ኦክ ያማረ እንጨት ነው፤ ሆኖም የሚተነው አሲድ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ብረትን ያዝጋል። የቺፑድና የኤምዲኤፍ ሙጫም እንዲሁ ያስጠረጥራል። ማሆጋኒ በዚህ በኩል ይሻላል። አናጺው እንጨቱን በመላጊያ አስተካክሎ፣ ለእያንዳንዱ ምላጭ በመሮ ቦታ ይቦረቡራል፤ ስለቱ ምንም እንዳይነካና በአንገቱ ላይ ያለው ማኅተም እንዲታይ ምላጩ ግማሽ ተከፍቶ ይቀመጣል። ቫርኒሹ ሽታው እስኪጠፋ ሳምንታት ሳይቆይ ሣጥኑን መዝጋት ጥፋት ነው። መላጊያና ምላጭ የቆየ ዝምድናም አላቸው፦ የፓሪሱ ስለት ሠሪ ዣን ዣክ ፔሬ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቆዳ እንዳይቆረጥ ለምላጭ የእንጨት መከለያ ያበጀው የአናጺውን መላጊያ አይቶ ነው።

አስቸጋሪው እጀታው ነው። ብረት ደረቅ አየር ይወዳል፤ የዝሆን ጥርስና ቀንድ ግን አየሩ ሲደርቅባቸው ይሰነጠቃሉ። ሁለቱን የሚያስማማ መካከለኛና የማይዋዥቅ እርጥበት ከመፈለግ ሌላ መንገድ የለም፤ ብረቱም ስስ የማዕድን ዘይት ይቀባል። ቀንድ ደግሞ የብልና የጥንዚዛ እጮች ምግብ ስለሆነ በየጊዜው ይፈተሻል። የዝሆን ጥርስ ሽያጭ በብዙ አገር በሕግ የተገደበ በመሆኑ ገዢ የአገሩን ደንብ ሳያጣራ ገንዘብ ባያወጣ ይሻለዋል።

ከሁሉ የከፋው ሴሉሎይድ ነው። ከ1870 ገደማ ጀምሮ የዝሆን ጥርስንና የኤሊ ቅርፊትን አስመስሎ በርካሽ ተሠራ፤ ሲያረጅ ግን ራሱን እየበላ አሲድ ያለው ጋዝ ይለቃል። ምልክቱ አይስትም፤ ዝገቱ የሚጀምረው ምላጩ ታጥፎ ከእጀታው ጋር በሚገጥምበት መስመር ላይ ነው። ጋዙ ጎረቤት ምላጮችንም ስለሚያጠቃ ባለመስታወት የተዘጋ ሣጥን ለሴሉሎይድ የመጨረሻው መጥፎ ቦታ ይሆናል። እንዲህ ያለው ምላጭ ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ፀሐይ በማይደርስበትና ነፋስ በሚያገኘው ክፍት መደርደሪያ ላይ፣ ስለቱ ከእጀታው ወጥቶ ይቀመጣል።