ትርፍ ምት

ልቤ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘለለው በሰኔ 2010 ዓ.ም. ዲላ ከተማ ውስጥ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም ነው። ዘለለ ስል ነገር ለማሳመር አይደለም፤ የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ። በግራ ጎኔ ተጋድሜ ሳለ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር፣ በጨለማ ደረጃ እንደ ሳተ እግር፣ ወደ ባዶ ገባ። ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ከልኩ በላይ ረዘመብኝ። ቀጥሎ አንድ ከባድ ምት ድው ብሎ እስከ ጉሮሮዬ ተሰማኝ። ተነሥቼ መብራት አበራሁና ጣቶቼን የእጄ አንጓ ላይ አሳርፌ መቁጠር ጀመርሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... አምስተኛው የለም።

ያን ሰሞን በጌዴኦ ዞን ያልደነገጠ ልብ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከሚያዝያ ጀምሮ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ከስምንት መቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ እምነቱ ተጠልሎ ነበር። እኔ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬንና ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ከዲላ ይርጋጨፌ፣ ከይርጋጨፌ ገደብ እመላለሳለሁ። ቀን የሰው መከራ እጽፋለሁ፤ ማታ እንቅልፍ የለም፤ በመካከሉ ያለው ቡና ነው። የተፈናቀልሁት እኔ አይደለሁም። ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ ነኝ። ስለዚህ «ልቤ ዘለለ» ብሎ ለሰው መናገር አሳፈረኝ።

ለእናቴ ብቻ ነገርኋት። «ድንጋጤ ነው፣ ልጄ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጪበት» አለችኝ። ጠጣሁበት። አልተወኝም። በሦስተኛው ሳምንት ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ ክሊኒክ ሄድሁ። እዚያ ያገኘሁት ባለሙያ ደረቴን አዳመጠና ፊቱን ከሰከሰ። «ልብሽ ይዘላል። ቡና ተዪ፣ ከባድ ሥራ ተዪ፣ አትናደጂ» ብሎ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። ምን እንደ ሆነ አልነገረኝም፤ እኔም መጠየቅ ፈርቼ ወጣሁ።

እንግዲህ አስቡት፤ ዲላ ተቀምጦ ቡና መተው! ጌዴኦ ማለት እኮ ቡናው ከእንሰቱ፣ እንሰቱ ከዋንዛና ከብርብራው ጥላ ሥር ተደጋግፎ የሚበቅልበት ተራራ ነው። ይህ አብሮ የማብቀል ጥበብ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የይርጋጨፌ ስም ባሕር ተሻግሮ በሩቅ ከተሞች ቡና ቤት ይነበባል። በኛ ሰፈር ደግሞ ቡና መጠጥ ብቻ አይደለም፤ ልቅሶ የሚደረሰው፣ ጠብ የሚበርደው፣ ወሬ የሚጣራው በሱ ነው። አቦሉን የገፋ ሰውየውን ገፋ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆላሁ፣ ወቀጥሁ፣ ቀዳሁ፤ አልጠጣሁም። ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ጾም መስሏቸው ነበር። ኋላ «ምን ሆና ነው?» ተባለ። የልብ በሽተኛ ናት ተባለ። አንዲት ሴት በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ «የልብ በሽተኛ» ስትባል ምን እንደሚቀርባት መዘርዘር አያስፈልገኝም።

(ቡና ራሱ በታሪኩ ስንቱን ችሏል! በክርስቲያኑ ዘንድ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ይነቀፍ እንደ ነበር፣ ነቀፌታው እየላላ የሄደውም በዐፄ ምኒልክ ዘመን እንደ ሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይነግሩናል። እኔ ግን በሐኪም ቤት ቃል ብቻ መልሼ አወገዝሁት።)

በ2011 ዓ.ም. 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ። አንድ አዛውንት የልብ ሐኪም በኤሌክትሮካርዲዮግራም አዩኝ፣ በአልትራሳውንድ የልቤን በሮች መረመሩ፣ ሃያ አራት ሰዓት ምት የምትመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ደረቴ ላይ ለጥፈው ሰደዱኝ። በማግሥቱ ወረቀቱን ዘርግተው እንዲህ አሉኝ፦ «ትርፍ ምት ነው፤ ኤክስትራሲስቶል እንለዋለን። የልብሽ ጡንቻና በሮች ጤነኞች ናቸው። ሕመም አይደለም።»

አስረዱኝም። ልብ የሚመታው ከላይኛው ቀኝ ክፍሉ በሚነሣ ትእዛዝ ነው። አንዳንዴ ግን ሌላ ሥፍራ ያለ ሴል ተራውን ሳይጠብቅ ቀድሞ ያዝዛል። ልብ በደም ሳይሞላ ስለሚመታ ያ ምት ደካማ ነው፤ አንጓ ድረስ አይደርስም። ከዚያ ልብ ጥቂት ያርፋል፤ በዕረፍቱ ደም ይጠራቀምና ተከታዩ ምት ከባድ ይሆናል። ለካስ ያ ሌሊት የጠፋብኝ አምስተኛው ምት አልጠፋም፤ ቀድሞኝ መጥቶ ኖሯል።

ይህን ስጽፍ ግን አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አይገባኝም። አገራችን በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በር የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ በሽታ የበዛበት አገር ነው። ስለዚህ ሳይመረመሩ «ምንም አይደለም» ማለት አያዋጣም። ራስን መሳት፣ በሥራ ጊዜ የደረት ሕመም ወይም ትንፋሽ ማጠር፣ በቤተሰብ ውስጥ በለጋ ዕድሜ በድንገት የሞተ ሰው መኖር... እነዚህ ካሉ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ቀን አይቆጠርም።

«ሕመም አይደለም» ያሉኝን ሐኪም አላመንኋቸውም። ደግ ሰው ናቸው፣ ሊያጽናኑኝ ነው አልሁ። ጋዜጠኛ ነኝና ምንጭ ፈለግሁ። ለመሆኑ ይህን ማን አረጋገጠ? ከመቼ ጀምሮ? እንዴት አድርጎ?

ፍለጋው ያደረሰኝ ወደ አንድ የገበሬ ልጅ ነው። ጄምስ ማኬንዚ በ1853 (የውጭዎቹን ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ) በስኮትላንድ ተወለደ፤ የኛው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ኋላ በተማሩባት በኤድንብራ ሕክምና ተማረ፤ ከ1879 ጀምሮ በርንሊ በምትባል የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ተራ የሰፈር ሐኪም ሆነ። አንዲት ልቧ የታመመ ወጣት ነፍሰ ጡር በምጥ ላይ ሳለች በእጁ ሞተችበት። የትኛው የልብ ምልክት እንደሚገድል፣ የትኛው እንደማይገድል አለማወቁ አንገበገበው። በዘመኑ የልቡ ምት የተዛባ ሰው ሁሉ በአንድ ዐይን ይታይ ነበር፤ አልጋ ላይ ዋል ይባላል፣ ልጅ ከሆነ ከጨዋታ ይከለከላል።

ማኬንዚ የአንገትንና የአንጓን ትርታ አንድ ላይ በወረቀት የሚጽፍ መሣሪያ አበጀ፤ ኋላም በአንድ የአካባቢው ሰዓት ሠሪ እጅ አሻሻለው። ይሁንና የሰውየው ታላቅ መሣሪያ፣ በእኔ አስተያየት፣ ትዕግሥቱ ነበር። የትልቅ ሆስፒታል ሐኪም በሽተኛውን አንድ ወር አይቶ ይለየዋል። የሰፈር ሐኪም ግን ያንኑ ሰው ሃያ ዓመት ያየዋል፤ ሲያገባ፣ ሲወልድ፣ ሲያረጅ። ማኬንዚ ምታቸው የሚዘል ሰዎችን እየመዘገበ ጠበቀ። አልሞቱም። ፋብሪካቸው ገብተው ይሠሩ ነበር። በ1902 ስለ ትርታ ጥናት ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አስፍሮ ትርፍ ምትን ከአደገኛዎቹ ለየው። ሆላንዳዊው ካሬል ቬንከባክ ደግሞ ቀደም ብሎ በ1899 የትርፍ ምቱንና የዕረፍቱን ሥርዓት ለክቶ አብራርቶ ነበር።

ያ እውቀት ቶሎ አልተሰማም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ወታደሮች ልባቸው እየዘለለና እየደለቀ «የልብ በሽተኛ» ተብለው ተሰናበቱ። ማኬንዚና ደቀ መዝሙሩ ቶማስ ሉዊስ አብዛኛው ልብ ጤነኛ ነው ብለው ተሟገቱ። ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ ከአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት በኋላ በ1871 ዳ ኮስታ የተባለ ሐኪም የወታደሮችን የልብ ድለቃ ጽፎታል። ይህን ሳነብ የ2010 ሰኔ ትዝ አለኝ። በየመጠለያው «ልቤ፣ ልቤ» እያሉ ደረታቸውን የሚይዙ እናቶችን አይቻለሁ፤ ማስታወሻዬ ላይ አልጻፍኋቸውም። ዜና አልመሰለኝም ነበር።

መሣሪያው እየሠለጠነ ሄደ። የአይንትሆቨን ኤሌክትሮካርዲዮግራፍ በመጀመሪያው ዘመኑ 270 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ ታማሚው እጆቹንና እግሩን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። ሰውየው በ1924 ኖቤል ተሸለመበት። አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር 38 ኪሎ የሚያህል መሣሪያ በጀርባው ተሸክሞ የሚራመድን ሰው የልብ ምት መዘገበ፤ የኔዋ ትንሽ መሣሪያ የዚያ የልጅ ልጅ ናት። በ1985 የታተመ አንድ ጥናት ታዲያ ትርፍ ምታቸው በሰዓት በመቶዎች የሚቆጠር፣ ሌላ ሕመም ግን የሌለባቸው 73 ሰዎችን በአማካይ ስድስት ዓመት ተኩል ተከታትሎ ዕድሜያቸው ከጤነኛው ሕዝብ እንዳላነሰ አረጋገጠ። ማኬንዚ በወረቀትና በትዕግሥት የደረሰበት ቦታ ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን በመድኃኒት አያጠፉትም?» ብዬ አስቤ ነበር። መድኃኒቱ ጥንትም አለ። በ1912 አንድ ምቱ የተዛባበት ነጋዴ ቬንከባክን «እኔ ኪኒን ውጬ ራሴ አስተካክለዋለሁ» አለው፤ ሐኪሙ ተጠራጠረ፤ ነጋዴው በማግሥቱ ምቱ ተስተካክሎ መጣ። ያ የኪኒን የወባ መድኃኒት ነው፤ እኛ ማንኛውንም እንክብል «ክኒን» የምንለው በሱ ስም ነው። (የነጋዴው ሕመም ግን ከኔ የተለየ፣ የላይኛው የልብ ክፍል መርገብገብ ነበር።) ትርፍ ምትን የማጥፋቱ ምኞት የመረረው ኋላ ነው። በአሜሪካ የልብ ድካም ደርሶባቸው የተረፉ፣ ትርፍ ምት ያለባቸው ሰዎች እንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተባሉ መድኃኒቶች ተሰጧቸው። ምቱ ጸጥ አለ። በ1991 ውጤቱ ሲታተም ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63 ሞተው ነበር፤ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት 743 ግን 26 ብቻ። ይህን ያነበብሁ ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤን «ዝለል» አልሁት።

ቡናውስ? ሐኪሜ «ራስሽ ፈትነሽ እይው» ብለውኝ ነበር፤ ፈራሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ፈራሁ። በ2023 በሳን ፍራንሲስኮ አንድ መቶ ሰዎች ለሁለት ሳምንት በየቀኑ «ዛሬ ጠጡ»፣ «ዛሬ አትጠጡ» እየተባሉ ምታቸው ተመዘገበ። ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሣው ትርፍ ምት ይህን ያህል አልተለወጠም፤ በቀን 58 እና 53። ከታችኛው የሚነሣው ግን በጠጡበት ቀን 154፣ ባልጠጡበት 102 ሆነ። በጠጡበት ቀን አንድ ሺህ እርምጃ ያህል ጨምረው ተራመዱ፤ ከግማሽ ሰዓት የበለጠ እንቅልፍም አጡ። ቡና ንጹሕ ነው አልተባለም፤ የተባለው እኔ የፈራሁትን ያህል አይደለም ነው። ከሃምሳ ምት ጭማሪ ጋር እናቴን አመዛዘንሁ።

አሁን ጠዋት አቦሉን እጠጣለሁ፤ ከቀትር በኋላ ቢመጣ ስኒውን ተቀብዬ አንዴ እጎነጫለሁ። በግራ ጎኔ ከተኛሁ ምቱ ይሰማኛልና ወደ ቀኝ እዞራለሁ። ከበዛ ተነሥቼ እራመዳለሁ፤ ሲራመዱ ልብ ሥራ ይይዝና ዝላዩን ይተዋል፣ ቢያንስ የኔው። እንቅልፍ ያጣሁ ሰሞን ይመለሳል። ከሁሉ የከበደኝ ግን መቁጠርን መተው ነበር፤ ጣቴ ሳላዘው አንጓዬን ፈልጎ ያገኛል።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ቶናውን እየቀዳች ዐይኗን ጣለችብኝ። እጄ አንገቴ ላይ ነበር።

«ዛሬም ትቆጥሪያለሽ?»

«የለም፣ እማዬ፤ ትንኝ ነክሶኝ ነው።»

«ስንት ሆነ?» አለችኝ።

«ሰባ ሁለት።»