«ለዚህ ይሆናል» ማለት ስም መስረቅ ነው?

ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ የመኪና መለዋወጫ ገዝታችሁ ከሆነ፣ ካርቶኑ ላይ «ለእገሌ ሞዴል ይሆናል» የሚል ጽሑፍ ሳታዩ አልቀራችሁም። የዕቃው አምራች አንድ ድርጅት ነው፤ የተጠራው ስም ግን የሌላ። ታዲያ የተመዘገበን የንግድ ምልክት ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ መጥራት ይቻላል እንዴ? አጭሩ መልስ «ይቻላል፣ ግን…» ነው። ይቺ «ግን» እንዴት እንደመጣች እንይ።

እ.ኤ.አ. በ1924 ኮቲ የተባለው የሽቶና የፓውደር አምራች ከፕሬስቶኔትስ ኩባንያ ጋር አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተካሰሰ። ፕሬስቶኔትስ የኮቲን ምርት ገዝቶ በራሱ ማሸጊያ ይሸጥ ነበር። ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆልምስ በጻፉት ፍርድ፣ የንግድ ምልክት የሚከለክለው የሌላ ሰው ዕቃ የባለቤቱ ተመስሎ እንዳይሸጥ ነው፤ ሕዝብ እስካልተታለለ ድረስ ግን እውነቱን ለመናገር ቃሉን መጠቀም አይከለከልም አሉ።

ቀጥሎ ጥያቄው ጋራዥ ገባ። በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ቮልስዋገን የሚጠግን አንድ ባለጋራዥ፣ ማስታወቂያው ላይ የመኪናውን ስም በመጻፉ ተከሰሰ። በ1969 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለባለጋራዡ ፈረደ። እውነትም ቮልስ የሚጠግን ሰው «ቮልስ» ሳይል ሥራውን ምን ብሎ ያስተዋውቅ? ሰውየው የኩባንያውን የፊደል ቅርጽና ቀለም አልኮረጀም፤ በክብ ውስጥ ያለውን አርማም አልሰቀለም። ስም መጥራት ሌላ፣ የባለቤቱን ልብስ መልበስ ሌላ ማለት ነው። በ1999 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በሆላንድ ስለነበረ አንድ የቢኤምደብሊው ጋራዥ ተመሳሳይ ሐሳብ ሰጠ።

ነጥቡን በደንብ ያብራራው ግን የምላጭ ክርክር ነው። ፊንላንድ ውስጥ አንድ ድርጅት በራሱ ስም ምላጭ ይሸጣል፤ ማሸጊያው ላይ ምላጩ ለጂሌት ሴንሰር እጀታም እንደሚገጥም የሚገልጽ ወረቀት ለጥፏል። ጂሌት ከሰሰ። በ2005 የአውሮፓ ፍርድ ቤት እንዲህ አለ፦ ዕቃው ለምን እንደሚያገለግል ለገዢው የተሟላ መረጃ ለመስጠት ሌላ መንገድ ከሌለ ስሙን መጥራት ይፈቀዳል። ግን አራት ነገሮች ክልክል ናቸው፦

• ሁለቱ ድርጅቶች የንግድ ግንኙነት እንዳላቸው ማስመሰል፣
• በምልክቱ ዝና ያለአግባብ መጠቀም፣
• ምልክቱን ማጣጣል፣
• የራስን ዕቃ የዚያኛው ቅጂ አድርጎ ማቅረብ።

ይሄ ሁሉ ክርክር ለእኛ ምን ያደርግልናል? «ይገጥማል» ማለት ቢከለከል፣ እጀታውን የሸጠ ድርጅት ምላጩንም ለብቻው ይይዘዋል፤ ዋጋውንም እሱ ይቆርጣል። ልቅ ቢደረግ ደግሞ ገዢው በኦርጂናል ዋጋ ሌላ ዕቃ ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ለዓመታት ስሙን የገነባ አምራችም ባልሠራው ዕቃ ይወቀሳል። ሕጉ የቆመው በሁለቱ መሃል ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ካርቶኑን ስታነሡ ሁለት ነገር ፈልጉ፤ ለምን ይሆናል፣ ማንስ ሠራው? የመጀመሪያው በትልቁ ተጽፎ ሁለተኛው ከጠፋ፣ ያኔ ተጠራጠሩ።