የቻራዳ ወፍ፦ ከሙዚየም ቆዳ እስከ ካሜራ

ካፋ እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተይዛ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረኩ በኋላ፣ ለውጭ ተጓዦች እምብዛም ክፍት ያልነበረው አገር ለአዳኞችና ለናሙና ሰብሳቢዎች በሩን ከፈተ። ከእነዚህ አንዱ ለአሜሪካዊው ባለሀብት ለዊልያም ኖርዝረፕ ማክሚላን ይሠራ የነበረው ፊሊፕ ዛፊሮ ሲሆን፣ በ1905 በካፋ ከቻራዳ ደን የሰበሰባቸው ትንንሽ የረግረግ ወፎች ቆዳ ለንደን ከሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ደረሰ። እንግሊዛዊው የአእዋፍ ተመራማሪ ዴቪድ ባነርማን በ1911 እንደ አዲስ ዝርያ ቆጥሮ በማክሚላን ስም ሰየማት፤ ይሁን እንጂ ወፏ በ1877 ከደቡብ አፍሪካ በተገኘ ናሙና የተገለጸችው ሳሮትሩራ አይሬሲ መሆኗ ስለታመነበት ያ ስም ቀርቷል።

በዚያ ዘመን የአንድ ወፍ ማስረጃ ጥጥ የተሞላ ቆዳና በእግሩ ላይ የታሰረች ወረቀት ነበሩ። ወረቀቷ የቦታውን፣ የቀኑንና የሰብሳቢውን ስም ትይዛለች፤ ወፏ የቆመችበትን ውኃና ሣር ግን አታሳይም። የቻራዳ ናሙና ከ«ደን» ጋር መያያዙ አንባቢን የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱም ይህች ወፍ የዛፍ ጥላ ሳይሆን ጥቅጥቅ ያለ ሣርና ደንገል የሚበቅልበት ጥልቀት የሌለው ረግረግ ኗሪ ናት፤ ምናልባትም ወረቀቱ የሚናገረው ከወፏ ይልቅ ስለ ሰብሳቢው ሰፈር ነው።

አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ የምትረዝመው ይህች ወፍ ከመብረር ይልቅ በሣሩ ሥር ሮጣ መሰወርን ትመርጣለች፤ ስትነሣም በክንፏ ኋላ ያለው ነጭ ላባ ለአፍታ ታይቶ ተመልሶ ይጠፋል። በዚህም የተነሣ ለረጅም ጊዜ ፍለጋው ሰዎች ተሰልፈው ወይም ገመድ እየጎተቱ ረግረጉን በማሰስ የሚካሄድ ነበር፤ ፎቶ አንሺው ከሸሸች ወፍ ጀርባ በቀር ብዙም አያገኝም፣ ጎጆዋም የመረገጥ አደጋ ይገጥመዋል። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ነዋሪ የሆነችው ዘመዷ የሩዤ ረግረግ ወፍ ግን ጅራቷን እያወናጨፈች በገሃድ ስለምትመላለስ ለካሜራ አታስቸግርም።

በ1997 ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በርጋ ረግረግ መራቢያዋ ተገኘ። በክረምት፣ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ውኃው ሣሩን ሲያጥለቀልቅ ትመጣለች፤ በዚያው ወቅት የሚሰማራው ከብትና የሚታጨደው ሣር ግን ለጎጆዋ ጠንቅ ሆነ። ዓለም አቀፍ የጥበቃ ድርጅቶች በ2013 ከመጥፋት አፋፍ ላይ ካሉት ዝርያዎች ጋር መደቧት።

የፎቶው ለውጥ የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። በሚድልፑንት ረግረግ የተተከሉ ካሜራዎች፣ ማለትም ሰው ሳይኖር ሙቀትና እንቅስቃሴ ሲሰማቸው በራሳቸው የሚያነሡ መሣሪያዎች፣ ወፏ በደቡባዊ አፍሪካም እንደምትራባ በ2018 አረጋገጡ፤ ድምፅዋም በዚሁ ጥናት ሂደት በእርግጠኝነት ተለየ። ከተገለጸች ከ140 ዓመት በኋላ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ካፋ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ከተመዘገበች ወዲህ፣ የቦንጋ አካባቢ የአለምጎኖና የጎጀብ ረግረጎች በጥናት ተጎብኝተዋል፤ በዲሴምበር 2014 የተካሄደው ሰፊ የብዝኃ ሕይወት ቅኝት ግን የበጋ ቅኝት ነበር። በክረምት የምትመጣን ወፍ በበጋ አለማግኘት የለችም ለማለት አያበቃም፤ የዛፊሮን ናሙና ለመፈተን ካሜራዎቹ በሐምሌና በነሐሴ፣ ከጫካው ውስጥ ሳይሆን ከረግረጉ ዳር፣ በውኃው ከፍታ ልክ መተከል ይኖርባቸዋል።